«አንድ ጊዜ ትውለድ» ከማለትዎ በፊት፦ ትናንሽ ውሾችን ስለ ማራባት

የእንስሳት ሐኪሙ አምድ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ ትንሽ ዝርያ ያላትን ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማስወለድ የሚያነሱ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ቺዋዋ የሆነች አንዲት ሴት ውሻ አለችን። ዕድሜዋ 11 ወር፣ ክብደቷ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። በ8 ወሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ታይቶባት ነበር። ዘመዶችና ጎረቤቶች ቡችላ እንድንሰጣቸው ከአሁኑ እየጠየቁን ሲሆን፣ «አንድ ጊዜ ካልወለደች ጤና አይኖራትም» የሚሉንም አሉ። የጎረቤታችን ወንድ ፔኪኒዝ ጠባዩ እጅግ ጥሩ ነው፤ ክብደቱ 5 ኪሎ ይሆናል። ውሻችን ደረጃ ስትወጣ አንዳንዴ አንዱን የኋላ እግሯን ሰብስባ ትዘልና መልሳ ትረግጠዋለች፤ እኛ ጨዋታ ነው ብለን እናልፈዋለን። በሚቀጥለው ጊዜ ብናገናኛቸው ምን ይመክሩናል? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አጭሩን መልስ ላስቀድም። በሚቀጥለው ድራቷ አያገናኟት፤ ከዚህ ወንድ ጋር ደግሞ መቼም ቢሆን አያገናኟት።

ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ እንደ ዋዛ ያነሱት የእግሯ ነገር ነው። ትንሽ ውሻ ስትሮጥ ወይም ደረጃ ስትወጣ አንዱን የኋላ እግሯን ሰብስባ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለች በኋላ ምንም እንዳልነካት መልሳ ስትረግጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጉልበቷ ሎሚ ከተቀመጠበት ቦይ ወጥቶ ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ እንደገና ተመልሷል ማለት ነው። ይህ ችግር በቺዋዋ፣ በማልቲዝ፣ በዮርክሻየር ቴሪየርና በትንሹ ፑድል ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ በዘርም ይተላለፋል። ሐኪም በእጁ ዳስሶ ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ስለሚመድበው ምርመራው መሣሪያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ውሻዋ እድገቷን ሳትጨርስ የተገኘ ጥሩ ውጤት አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ዓመት ከሞላት በኋላ ምርመራው መደገም አለበት። መንሸራተቱ ከተረጋገጠ በቤትዎ ተወዳጅ ሆና ትኑር እንጂ እናት እንድትሆን አልመክርም። ከእግሯ ሌላ ልቧ መደመጥ፣ ጥርሶቿ መታየት አለባቸው፤ በቺዋዋ ላይ ደግሞ እርግብግቢቷ መዘጋቱና ከጭንቅላት ውስጥ ውኃ መቋጠር ጋር የተያያዘ ምልክት አለመኖሩ ይጣራል። ወንዱም በዚሁ ወንፊት ማለፍ ያለበት ሲሆን፣ ከሁለቱ የዘር ፍሬዎቹ አንዱ እንኳ ያልወረደለት ከሆነ ጠባዩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ለዘር አይሆንም።

ዕድሜዋን በተመለከተ፣ ውሻ በመጀመሪያው ድራቷ ማርገዝ ትችላለች፤ መቻሏ ግን ዝግጁ ናት ማለት አይደለም። በ11 ወሯ ያለች ውሻ ራሷም ገና ልጅ ናት። ቢያንስ ሁለት ድራት አሳልፋ፣ ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ብትጠብቋት ሰውነቷም ጠባይዋም ይረጋል፤ የዘር ሕመሞችም ካሉባት እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ብቅ ይላሉ።

«አንድ ጊዜ ካልወለደች ጤና አይኖራትም» የሚለው አባባል በክሊኒካችን በየሳምንቱ የምንሰማው ቢሆንም መሠረት የለውም። አንድ ጊዜ መውለድ ውሻን ከማሕፀን መግል መቋጠር አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያድናትም። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ድራት ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚመጣ ገዳይ ሕመም ሲሆን፣ የሚከላከለው ማሕፀንና የእንቁላል ማምረቻዎችን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ነው። ቡችላ ለማራባት የማያስቡ ከሆነ ስለ ውሻዎ ጤና ማድረግ ያለብዎት እሱን ነው።

ስለ ወንዱም ልናገር። ትንሽ ውሻ ስትወልድ ችግር የሚፈጥረው ጭንቅላት ነው። ቺዋዋ በጠባብ ዳሌዋ ውስጥ ክብ ጭንቅላት ያለው ቡችላ ማሳለፍ ይጠበቅባታል፤ በእጥፍ የሚከብዳትና እሱም ሰፊ ጭንቅላት ያለው ፔኪኒዝ አባት ሲሆን ደግሞ ምጡ በቀዶ ሕክምና የማለቅ ዕድሉ ይጨምራል። ወንዱ ከሴቷ ቢያንስ ይመረጣል፤ ቢበዛ እኩያዋ ይሁን። በራሴ ሥራ ክብደቷ ከ2 ኪሎ በታች ለሆነች ውሻ ስሪያ አልፈቅድም፤ የእርስዎዋም ለዚህ መስመር በጣም የቀረበች ናት። በቅርብ ዓመታት «ቲካፕ» እየተባሉ በሻይ ስኒ ውስጥ ተቀምጠው ፎቶ የሚነሱት ውሾች የተለየ ዝርያ እንዳልሆኑም ላስታውስ፤ ከአንድ ወላድ ትንንሾቹን፣ ብዙ ጊዜም ደካሞቹን እየመረጡ እርስ በርስ በማዳቀል የተገኙ ናቸው። ትንሽ ውሻ መውደድ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ውሻ ሉሉን በፎቶግራፍ ያላየ የእኔ እኩያ ጥቂት ነው። ጥያቄው ትንሽነቱ እንስሳው ሊሸከመው ከሚችለው በታች መውረድ የለበትም የሚል ብቻ ነው።

ምርመራውን አልፋ፣ ዕድሜዋም ደርሶ ተስማሚ ወንድ ቢገኝላት፣ ከመገናኘታቸው በፊት የእናቲቱ ክትባት መታደስ አለበት፤ ቡችሎቹ በመጀመሪያው ቀን ከእንገር የሚያገኙት መከላከያ የእናታቸው ነውና። ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያ በስሪያ ተላልፎ ሴቷን ሊያስወርዳት፣ ወደ ሰውም ሊሻገር ስለሚችል ሁለቱም የደም ምርመራ ቢያደርጉ መልካም ነው። ደም መታየት ከጀመረ በኋላ ባሉት 9 ቀናት ገደማ ሴቷ ወንዱን አታስጠጋም፤ ከዚያ በኋላ ጅራቷን ወደ ጎን እያዞረች ትቆምለታለች። ትክክለኛው ቀን ከውሻ ውሻ ስለሚለያይ በደም ውስጥ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን መጠን መለካት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ይህ በማይገኝበት ቦታ ከፈቀደችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እያሳለፉ ሁለት ጊዜ ማገናኘት ይበቃል። ሲገናኙ የወንዱ ብልት ሥር ስለሚያብጥ ተጣብቀው ከ5 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በየሰፈሩ እንዲህ ተጣብቀው የቆሙ ውሾችን ውኃ የሚደፋባቸውና በድንጋይ የሚያባርራቸው አይጠፋም፤ ይህ ሁለቱንም ክፉኛ ሊያቆስል ስለሚችል በራሳቸው እስኪለያዩ ድረስ ሴቷን ይዞ ማረጋጋት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ቡችላ ለጠየቁዎት ዘመዶችም አንድ ነገር ልበል። ውሻዋ ሳታረግዝ «ለእኔ አንድ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ቡችላው 10 ሳምንት ሞልቶት ክትባትና መኖ ሲጠይቅ ግን ስልኩን የማያነሳው ያው ሰው ይሆናል። ፈላጊ ላጣው፣ ከዓመት በኋላም ለሚመለሰው ቡችላ ቤትዎ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ካላረጋገጡ አይጀምሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት አገር ውስጥ መንገድ ላይ የሚጣል አንድ ተጨማሪ ቡችላ የጎረቤት ሁሉ ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ማልቲዝ ውሻዬ 3 ዓመቷ፣ ክብደቷም 3 ኪሎ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ አርግዛለች። የተገናኙበትን ቀን መዝግቤዋለሁ፤ ዛሬ 40ኛ ቀኗ ነው። አንድ ወዳጄ አጥንት እንዲያጠነክርላት የካልሲየም ኪኒን ስጣት አለኝ። ምን ላብላት? የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ይታወቃል፤ ቡችሎቹን እንዴት ላሙቃቸው? ምጥ ሲመጣስ መቼ ነው ሐኪም የምፈልገው? (አቶ ተ.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቀኑን መመዝገብዎ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፤ ከስሪያው ቀን ሲቆጠር ግን ከ58 እስከ 68 ቀን ሊደርስ ይችላል።

ካልሲየሙን አይስጧት። ጉዳዩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ከውጭ በብዛት ሲገባ ሰውነቷ ከራሷ አጥንት ካልሲየም የሚያወጣበት ሥርዓት ይዘናጋል፤ ከወለደች በኋላ ወተቱ በድንገት ብዙ ካልሲየም ሲጠይቅም መልስ ያጣል። ትናንሽ ውሾች ላይ ይህ የታወቀ አደጋ ሲሆን፣ በተለይ ከወለደች ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቡችሎቿ በዛ ያሉ ከሆነ ይከሰታል። ምልክቱ መቁነጥነጥ፣ ማለክለክ፣ እግር ማገተርና መንቀጥቀጥ ነው። ይህን ሲያዩ ቡችሎቹን ወዲያው ከጡቷ ለዩና ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ያድርሷት፤ በደም ሥር በጥንቃቄ በሚሰጥ ካልሲየም በፍጥነት ትድናለች፣ ከዘገየ ግን በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች።

ምግቧን እስካሁን ካልጨመሩ ጥሩ አድርገዋል። ካሁን በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ቀስ በቀስ እስከ ሩብ፣ ከዚያም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምሩላት፤ ማሕፀኗ ጨጓራዋን ስለሚጫነው በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢሰጣት ይሻላል። ስታጠባ ከቀድሞው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች። ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ መኖ ከተገኘ ለዚህ ጊዜ ከሁሉ ይስማማታል፤ ካልተገኘ የተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላልና ሩዝ ይጠቅማታል። ከሥጋ ቤት የሚጣል ጥሬ ጉበትና ሳምባ ግን በውስጡ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነና ሰውንም የሚጎዳ የትል ከረጢት ሊይዝ ስለሚችል ሳይበስል አይሰጣትም። ለሌሎች አንባቢያን ሲባል የሚከተለውንም ላንሳ፤ በሁዳዴ መግቢያ የተገናኘች ውሻ የምትወልደው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። በዚህ ስሌት በሆዷ ያሉት ቡችሎች ፈጥነው የሚያድጉባቸው ሳምንታት ሥጋ ቤቶች ከሚዘጉበት ጊዜ ጋር ይገጥማሉና መኖውን ከቅበላ በፊት ማሰብ ይገባል።

በ55ኛ ቀኗ አካባቢ ራጅ ያስነሷት። በዚያን ጊዜ የቡችሎቹ አጥንት ስለሚታይ ቁጥራቸው ይታወቃል፤ ስንት እንደሚጠበቅ ሳያውቁ ምጡ አልቋል ማለት አይቻልም። ራጁ አንድ ቡችላ ብቻ ካሳየ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል። ብቸኛው ቡችላ ቦታ ስለሚያገኝ ይገዝፋል፣ ምጡን የሚቀሰቅሰው ምልክትም ይደክማል። ደብረ ብርሃን ሆኖ በሌሊት ውሻን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልድ ማግኘት ስለሚከብድ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ ዕቅዱ ምጡ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት። ሌሊት የሚሠራ ክሊኒክ ከአሁኑ ደውለው ያረጋግጡ፣ የመኪናውንም ነገር ይነጋገሩ። ራጁ ትልቅ ጭንቅላት ወይም ብቸኛ ቡችላ ካሳየ በ60ኛው ቀን ገደማ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት ብታርፉ ይሻላል። ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

ከ57ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በፊንጢጣዋ ሙቀቷን ይለኩ። የውሻ ሙቀት በተለምዶ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ37.2 በታች ሲወርድ ምጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠበቃል። ከዚያ መቁነጥነጥ፣ መቆፈር፣ ምግብ መተው ይታያል፤ ይህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ በመጀመሪያ ወላድ ላይ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ስለሚችል አይደናገጡ። የሚያስደነግጡት ሌሎች ናቸው። ሳታቋርጥ በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት ካለፈና ቡችላ ካልወጣ፣ ከአንዱ ቡችላ በኋላ ሌላው ሳይመጣ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ ካዩ መኪናውን ያስነሱ። አረንጓዴው ፈሳሽ እንግዴ ልጁ ከማሕፀን መላቀቁን ስለሚያመለክት ቡችላው አየር እያጣ ነው ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ ከታየ ግን የተለመደ ነው።

እናቲቱ ሽፋኑን ቀዳ ካልላሰችው እርስዎ በንጹሕ ጨርቅ አፉንና አፍንጫውን ያጽዱለት፣ በፎጣም ጠንከር አድርገው ያሹት። ቡችላን ይዞ ማወናጨፍ የቆየ ልማድ ቢሆንም አንጎሉን ይጎዳልና አያድርጉት። እትብቱ ከሆዱ አንድ ጣት ያህል ርቆ በክር ታስሮ ይቆረጥ፣ አዮዲንም ይቀባ።

የብርዱን ነገር ከሁሉ አብልጬ የማየው ጉዳይ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚወለድ፣ ክብደቱ ከ150 ግራም የማያልፍ ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም፤ ሙቀቱን የሚያገኘው ከእናቱና ከእርስዎ ብቻ ነው። ጎኖቹ ከፍ ያሉ የካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን አዘጋጅተው ቡችሎቹ የሚተኙበትን ጥግ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ዝቅ እያደረጉ ይያዙት። ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ የሞቀው ሸሽቶ ይሂድበት። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ በአጠገባቸው ማስቀመጥ ብዙ ቡችላ አትርፎልናል፤ ውኃው በየሁለት ሰዓቱ ይቀየር። ከሰል አቀጣጥለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስቀምጡ። ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ቡችሎቹንም እናቲቱንም፣ አብረዋቸው የሚያድሩትን እርስዎንም ይገድላል።

የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት አይሰጠውም፤ አንጀቱ ስለማይሠራ መጀመሪያ ቀስ በቀስ፣ በደረት ሙቀት ቢሆን ይመረጣል፣ ይሙቅ። የሚዝልና የሚያንቀጠቅጠው፣ ስኳሩ የወረደ ቡችላ ሲያጋጥም ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ጥቂት ማር ድዱ ላይ ይቀባል። በጡጦ መመገብ ከተፈለገ እንደ ሕፃን በጀርባው ሳይሆን በሆዱ እንደተኛ ነው፤ አለበለዚያ ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል። የላም ወተት ብቻውን አይበቃውም፤ የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም ከእሱ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

የወጥ ቤት ሚዛን ይግዙና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየመዘኑ ይጻፉ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ከዚያ ግን በየቀኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምረው ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ የተወለዱበትን ክብደት ሊያጥፉ ይገባል። ክብደቱ ለአንድ ቀን ቆሞ የዋለ ቡችላ ገና ጤነኛ ቢመስልም ሐኪም ይየው። ወስፋት ከእናቲቱ በማሕፀንና በወተት ስለሚተላለፍ በ2ኛ፣ በ4ኛ፣ በ6ኛና በ8ኛ ሳምንት መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ይህ ወስፋት ልጆችንም ስለሚይዝ በቸልታ አይታለፍ። ክትባቱ በ6 ወይም በ8 ሳምንት ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል፤ የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወር ይሰጣል። ማልቲዝን የሚያህል ቡችላ ከእናቱ ከ10 ሳምንት በፊት እንዲለይ አልመክርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል አለችን፣ አሁን 20 ወሯ ነው። አንድ ጊዜ አስወልደን ቡችሎቹን ለወዳጆቻችን ብንሸጥ ሕጉ ምን ይላል? (አቶ መ.)

መልስ፦ እንግሊዝ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት በ12 ወር ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ቡችላ የሚያስወልድ፣ ወይም አንድ ጊዜ ቢሆንም ለንግድ የሚያራባ ሰው ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ለአዲስ ባለቤት አይሰጥም፤ በዚያው ዕድሜውም ማይክሮቺፕ ሊገባለት ግድ ነው። ገዢዎች ቡችሎቹን ከእናታቸው ጋር በተወለዱበት ቤት እንዲያዩአቸው ያድርጉ። ለወዳጅ አንድ ጊዜ መሸጥ ንግድ መባል አለመባሉን የሚወስነው ምክር ቤቱ ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁት።

ከሕጉ ይልቅ የዝርያው ጤና ይከብደኛል። ካቫሊየር በልብ ቫልቭ ሕመምና ጭንቅላቱ ለአንጎሉ ስለሚጠብበት በሚመጣ የአከርካሪ ሕመም ክፉኛ የተጠቃ ዝርያ ነው፤ የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ዝርያውን እንደነበረው ማራባት የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንደሚጥስ የወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው። የልብ ሐኪሞች ይህን ዝርያ ከ2 ዓመት ተኩል በፊት እንዳይራባ፣ ለዘር የሚታሰበው ውሻ ወላጆችም በ5 ዓመታቸው ልባቸው ጤናማ እንዲሆን ይመክራሉ። የእርስዎ ውሻ 20 ወሯ ስለሆነ በትንሹ 10 ወር ይቀራታል፤ በዚህ ጊዜ የልብ አልትራሳውንዷንና የጭንቅላቷን ኤምአርአይ ማስነሳት፣ ወላጆቿም በ5 ዓመታቸው ምን ዓይነት ልብ እንደነበራቸው ከሸጠልዎ ሰው መጠየቅ ይችላሉ።